የሚያፍር ወላጅ፣ የማይጠይቅ ልጅ፤ የገበሬ ማኅበራት ሊያስወግዱት የሚገባ ዝምታ

ከገጠር ልማት ዘጋቢያችን

ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ምዕራብ፣ በእንጦጦ ተዳፋት ላይ 705 ሄክታር መሬት ይዞ የሚገኘው የጉለሌ የእጽዋት ማዕከል፣ የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በመተባበር ያቋቋሙት የአገር በቀል ዕፅዋት መጠበቂያ፣ መመራመሪያና መማሪያ ሥፍራ ነው። ለብዙ ዘመን ባሕር ዛፍ በወረሰው በዚህ ተራራ ላይ ጥድ፣ ወይራ፣ ኮሶና ሌሎችም የአገሩ ዛፎች ወደ ቦታቸው እንዲመለሱ ይደከማል። ችግኝ አፍልቶ የሚያውቅ ገበሬ ሁሉ እንደሚረዳው፣ የጥድ ችግኝ ከመደብ ተነሥቶ በቀጥታ ወደ ተራራ አይወጣም። መጀመሪያ በዳስ ጥላ ሥር ውሃ እየጠጣ ያድጋል። ቀጥሎ ጥላው ጥቂት በጥቂት እየተነሣለት ፀሐይና ብርድ ይለምዳል። ሥሩ ሲጠና፣ ክረምቱም ሲገባ ይተከላል። ያለ ጊዜው የተተከለ ችግኝ ግን ይደርቃል፤ ድካሙም ከንቱ ይሆናል።

ይህን ዕውቀት አባት ለልጁ ለማስተማር አያፍርም። ስለ ከብት እርባታም ቢሆን እንዲሁ ነው። ጊደር ወገቧ ሳይጠና ኮርማ ከወጣባት በመውለጃዋ ጊዜ እንደምትቸገር፣ አንዳንዴም ጥጃውም እርሷም እንደሚጠፉ የማያውቅ ባለ ከብት የለም። ልጆች ባሉበት በግልጽ ይወራል። ሰውን ከከብት ጋር ለማስተካከል አይደለም። ነገር ግን ስለ ጊደሯ ይህን ያህል የሚያውቅና የሚናገር አባወራ፣ ስለ ገዛ ልጁ ሰውነት ማደግ ሲነሣ ፊቱን የሚያዞረው፣ እናትም ርእሱን የምትለውጠው ስለ ምንድን ነው? ልጃገረዷ የመጀመሪያ የወር አበባዋን ባየች ዕለት የታመመች መስሏት ስትደነግጥ፣ ጉብሉ በእንቅልፉ የሆነውን ነገር እንደ ኃጢአት ቆጥሮ ሲሸማቀቅ፣ አስቀድሞ አንድ ቃል የነገራቸው ሰው ቢኖር ኖሮ ምን ጉዳት ነበረው?

ይህ ጽሑፍ ለቀበሌ ገበሬ ማኅበራት መሪዎች የሚያቀርበው ሐሳብ ከዚህ የተነሣ ነው። ወላጆችና ለአካለ መጠን በመድረስ ላይ ያሉ ልጆች ስለ ሥነ ተዋልዶ ጤና በግልጽ እንዲነጋገሩ ማድረግ ለጤና ባለሙያ ብቻ የሚተው ሥራ አይደለም። እንደ አፈር ጥበቃውና እንደ ምንጭ ማጎልበቱ ሁሉ ማኅበሩ ሊያስተባብረው የሚገባና የሚችለውም ሥራ ነው።

ዝምታው የሚያስከፍለው ዋጋ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጉለሌ በኩል ወደ ሱሉልታ የሚወጣው መንገድ ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም ይገባል። በዚህ መንገድ እህልና ከብት ብቻ አይጓዝም። ያለ ዕድሜያቸው ሊዳሩ ሲሉ ወይም ከተዳሩ በኋላ ከቤት ጠፍተው ወደ ከተማ የሚፈልሱ ልጃገረዶችም ይጓዙበታል። አብዛኞቹ በሰው ቤት ሠራተኝነት ይቀጠራሉ። ስለ ሰውነታቸውም ሆነ ራሳቸውን ስለ መጠበቅ ማንም አንዳች ነገር ሳይነግራቸው ከማያውቁት ሰው ጋር ይኖራሉ። እንዲህ ያለችው ልጅ ከቤቷ የወጣችው አንድ ጥያቄ ለመጠየቅ፣ አንድ ጊዜም «እምቢ» ለማለት ቦታ በማጣቷ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

ቁጥሩም የሚናገረው አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 በአገር አቀፍ ደረጃ የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው፣ በዚያን ጊዜ ዕድሜያቸው ከ20 እስከ 24 ዓመት ከነበሩት ሴቶች ውስጥ ከመቶ 40ዎቹ 18 ዓመት ሳይሞላቸው ያገቡ ነበሩ። ከመቶ 14ቱ ደግሞ ገና 15 ዓመት ሳይሞላቸው ተድረዋል። ከ15 እስከ 19 ዓመት ከሆናቸው ልጃገረዶች መካከል ከመቶ 13ቱ ወልደዋል ወይም የመጀመሪያ ልጃቸውን አርግዘው ነበር። በዚያው ጥናት ስለ ኤች አይ ቪ የተሟላ ዕውቀት ያላቸው ወጣት ሴቶች ከመቶ 24፣ ወጣት ወንዶች ደግሞ ከመቶ 39 ብቻ ነበሩ። ይህም ማለት ከመቶ ወጣት ሴቶች ውስጥ 76ቱ በግማሽ ዕውቀትና በወሬ ይኖሩ ነበር ማለት ነው።

ያለ ዕድሜ የሚመጣ እርግዝና ምን እንደሚያስከትል ለማወቅ የፊስቱላን በሽታ መመልከት ይበቃል። የልጅቱ የዳሌ አጥንት በሚገባ ሳይሰፋ ምጥ ሲመጣ፣ የሕፃኑ ራስ መውጫ አጥቶ በአጥንቱ መካከል ይቀረቀራል። ምጡ ሁለትና ሦስት ቀን ሲቆይ፣ በሕፃኑ ራስና በአጥንቱ መካከል የተጨመቀው ሥጋ ደም ስለማያገኝ ይሞታል። ከጥቂት ቀን በኋላም የሞተው ሥጋ ይቀደድና ሽንት፣ አንዳንዴም ዓይነ ምድር፣ ያለማቋረጥ ይፈስሳል። ሕፃኑ አብዛኛውን ጊዜ በሕይወት አይገኝም። ይህ አደጋ የሐኪም ርዳታ ሳያገኙ ምጥ በጠናባቸው በማናቸውም ዕድሜ ባሉ እናቶች ላይ ሊደርስ ቢችልም፣ ሰውነታቸው ባልጠና ልጆች ላይ ይከፋል። ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ካትሪን ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1974 በአዲስ አበባ የከፈቱት የፊስቱላ ሆስፒታል፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ከተከፈተው የባሕር ዳር ማዕከልና ከሌሎቹ ቅርንጫፎቹ ጋር ከ60 ሺህ የሚበልጡ ሴቶችን አክሟል። ይህ ሁሉ ሕክምና የሚያስመሰግን ነው፤ ነገር ግን ብዙዎቹ አስቀድሞ በነበረ ዕውቀትና በጊዜው በተወሰደ ርምጃ ሊድኑ ይችሉ የነበሩ ናቸው።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ይህ ተረት ለሕመም ብቻ ሳይሆን ለጥያቄም ይሠራል። ጥያቄውን የደበቀ ልጅ መልሱን ከሜዳ ያገኛል። ከሜዳ የሚገኘው መልስ ደግሞ አንዳንዱ ፈጽሞ ሐሰት ነው። «በመጀመሪያ ጊዜ ግንኙነት እርግዝና አይያዝም» የሚለው ሐሰት ነው። «የወር አበባዋን ገና ያላየች ልጅ አታረግዝም» የሚለውም ሐሰት ነው፤ የመጀመሪያው እንቁላል ከመጀመሪያው የወር አበባ አስቀድሞ ሊወጣ ይችላልና።

በሞሰቦ የታየው

ጉዳዩ በቃል ብቻ የሚቀር እንዳልሆነ የሚያስረዳ ሥራ በአማራ ክልል፣ በዚያን ጊዜ በምዕራብ ጎጃም ዞን ሥር በነበረው በይልማና ዴንሳ ወረዳ፣ ሞሰቦ በተባለ የገጠር አካባቢ ተሠርቷል። «ብርሃነ ሔዋን» የተሰኘው ይህ ፕሮግራም ከ1996 እስከ 1998 ዓ.ም. የተካሄደ ሲሆን፣ ያስተባበሩት የክልሉ የወጣቶችና ስፖርት ቢሮና ፖፑሌሽን ካውንስል የተባለው የምርምር ድርጅት ነበሩ።

የአሠራሩ ዘዴ ቀላልና ለማንኛውም ቀበሌ የሚገባ ነው። ከ10 እስከ 19 ዓመት የሆናቸው ልጃገረዶች በቡድን ተደራጁ። ከአካባቢው የተመረጡ ሴት መሪዎች እየሰበሰቡ ማንበብና መጻፍን፣ የኑሮ ዘዴን፣ የሥነ ተዋልዶ ጤናን አስተማሯቸው። ያገቡት ልጃገረዶች ለብቻቸው በየሳምንቱ ይገናኙ ነበር። ትምህርት ቤት መግባት ለፈለጉት ደብተር፣ እስክሪብቶና የመሳሰለው የትምህርት መሣሪያ ተሰጣቸው። በሌላ ወገን ወላጆችና የአገር ሽማግሌዎች የሚሳተፉበት የማኅበረሰብ ውይይት ተዘጋጀ። በዚህ ውይይት ላይ ያለ ዕድሜ ጋብቻ፣ የልጃገረዶች ትምህርትና ጤና እየተነሣ ሕዝቡ ራሱ ይመክርበት ነበር። ልጃቸውን ሁለቱን ዓመት ሳይድሩ ያቆዩና ልጅቱም ትምህርቷን በአግባቡ የተከታተለች እንደ ሆነ፣ ፍጻሜው ላይ ለርቢ የምትሆን አንዲት እንስሳ ለልጅቱና ለቤተሰቧ በጋራ ትሰጣቸው ነበር።

ውጤቱ በጥናት ተመዝኖ እ.ኤ.አ. በ2009 ታትሟል። ፕሮግራሙ ከነበረበት አካባቢ ያሉት ከ10 እስከ 14 ዓመት የሆናቸው ልጃገረዶች፣ ፕሮግራሙ ካልደረሰበት ተመሳሳይ አካባቢ ልጃገረዶች ጋር ሲነጻጸሩ፣ ትምህርት ላይ የመገኘታቸው ዕድል ሦስት እጥፍ ሆኖ ተገኘ። የመዳራቸው ዕድል ደግሞ ወደ አንድ ዐሥረኛ ወረደ። ስለ ሥነ ተዋልዶ ጤና ያላቸው ዕውቀትና ስለ ጉዳዩ የመነጋገር ልማዳቸውም ከሌላው አካባቢ ልቆ ታየ።

ከዚህ ላይ ሳይጠቀስ መታለፍ የሌለበት አንድ ነገር አለ። ከ15 እስከ 19 ዓመት በሆናቸው ልጃገረዶች ዘንድ የመዳር ዕድል በፕሮግራሙ ቦታ ከሌላው አካባቢ ይበልጥ ነበር። ይህም ጋብቻው ከትንንሾቹ ዕድሜ ወደ ከፍ ያለው ዕድሜ መገፋቱን ያመለክታል። ነገሩ መሻሻል ቢሆንም ገና 18 ዓመት ያልሞላቸው አሉበትና ሥራው በመጀመሪያው ድል የሚያበቃ አይደለም።

ከዚያ በኋላ በክልሉ በተካሄደ ሌላ ሙከራ ዘዴዎቹ በየመንደሩ ተለያይተው ተፈተኑ። የትምህርት መሣሪያ በተሰጠበት ሥፍራ ከ12 እስከ 14 ዓመት የሆናቸው ልጃገረዶች የመዳር ዕድል በ94 በመቶ ቀነሰ። ልጃቸውን ሳይድሩ ለቆዩ ቤተሰቦች በየዓመቱ ሁለት ዶሮ በተሰጠበት ሥፍራ ከ15 እስከ 17 ዓመት በሆናቸው ልጃገረዶች ዘንድ በግማሽ ቀነሰ። ሁሉም ዘዴዎች በአንድነት በተሠራባቸው መንደሮች ደግሞ የእነዚሁ ታላላቆቹ ልጃገረዶች የመዳር ዕድል በሁለት ሦስተኛ ወረደ። ከዚህ የምንማረው ነገር ግልጽ ነው። ንግግሩ ከደብተሩና ከእስክሪብቶው፣ ቤተሰቡንም ከሚደግፍ ትንሽ ጥሪት ጋር ሲጣመር ፍሬው ይበረክታል።

አዲስ አበባም ላይ ተመሳሳይ ሥራ አለ። ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ «ብሩህ ተስፋ» በሚል ስም ከትምህርት ውጭ ለነበሩ፣ ከገጠር ለፈለሱና በሰው ቤት ለሚሠሩ ልጃገረዶች የተቋቋመው ፕሮግራም ሴት መሪዎችን ቤት ለቤት እያዞረ ልጆቹን አሰባስቧል። ቀበሌዎችም መሰብሰቢያ ክፍል በመስጠት ተባብረዋል። አንድ ክፍልና ጥቂት አግዳሚ ወንበር መስጠት ለማናቸውም ማኅበር የሚከብድ አይደለም።

ወላጆች የሚፈሩት

ብዙ ወላጆች በልባቸው የያዙት ስጋት «ከነገርነው ይማርበታል፣ ካልነገርነው አያስበውም» የሚል ነው። ይህ ስጋት በክፋት የመጣ አይደለም፤ ልጅን ከመውደድ የመጣ ነው። ሆኖም በጥናት አልተደገፈም። ዩኔስኮ ከሌሎች የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ጋር እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ፣ በብዙ አገሮች የተካሄዱ ጥናቶችን መርምሮ፣ ተገቢው ትምህርት ልጆችን ቀድመው ግንኙነት እንዲጀምሩ እንደማያደርግ ገልጿል። እንዲያውም ትምህርቱን ያገኙት መዘግየትና ራስን መጠበቅ ላይ የተሻሉ ሆነው ይገኛሉ።

ሌላው ስጋት «ቆማ ቀረች» መባል ነው። ልጅቱ 15 ዓመት ሞልቷት ካልተዳረች ጎረቤት ይጠቋቆማል፤ ወላጅም ስም ከሚጠፋ ልጅ ትዳር ብሎ ይቸኩላል። እንደሚታወቀው ይህን ሸክም አንድ አባወራ ብቻውን አይጥለውም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና፣ ሃምሳ አባወራ በአንድ ቀን ተሰብስቦ «ከእንግዲህ ልጆቻችንን 18 ዓመት ሳይሞላቸው አንድርም» ብሎ ቢወስን፣ በማግስቱ ማን በማን ላይ ይጠቋቆማል? የማኅበሩ ኃይል የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

በከምባታ የሠራው ከምባቲ ሜንቲ ገዚማ የተባለው ድርጅት ያረጋገጠውም ይህንኑ ነው። ወይዘሮ ቦጋለች ገብሬ ከእኅታቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1997 ያቋቋሙት ይህ ድርጅት፣ የሴት ልጅ ግርዛትን የመሰለ ሥር የሰደደ ልማድ በማስገደድ ሳይሆን ሴቱም ወንዱም፣ ሽማግሌውም ወጣቱም በአንድነት እየተወያየ እንዲተወው ለማድረግ ችሏል። ሰው በሸንጎ ራሱ የተናገረውን ቃል በቀላሉ አያፈርስም።

ልጅ ምን ይነገረው? መቼስ?

ንግግሩ የአንድ ቀን ስብከት መሆን የለበትም። እንደ ዝናቡ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ቢወርድ ይሠርጻል። ቡና በሚፈላበት፣ እንጨት በሚለቀምበት፣ አረም በሚታረምበት ሰዓት፣ ጎን ለጎን ሆነው ሲሠሩ ቢነገር ዓይን ለዓይን ከመተያየት ይቀልላል። እናት ለሴት ልጇ፣ አባት ለወንድ ልጁ ቢጀምር ይመረጣል። ወላጅ ካፈረ አክስት፣ አጎት ወይም ታላቅ እኅት ይተካ። አበቃቀሉን የሚያውቅ ገበሬ ከአበባና ከዘር ቢጀምር ነገሩ ይቀልለታል። ልጆቹን ይዞ የጉለሌን የእጽዋት ማዕከል የመሰለ ሥፍራ የመጎብኘት ዕድል ያገኘ ትምህርት ቤትም፣ አበባ ስለ ምን ንብ እንደሚጠራ፣ ፍሬም እንዴት እንደሚያዝ ከማስረዳት ተነሥቶ ወደ ሰው ለመሸጋገር ይችላል።

ከ8 እስከ 13 ዓመት ባለው ጊዜ የሴት ልጅ፣ ከ9 እስከ 14 ባለው ጊዜ ደግሞ የወንድ ልጅ ሰውነት መለወጥ ይጀምራል። ስለሆነም የመጀመሪያው ቃል ከዚያ አስቀድሞ መነገር አለበት። ለሴት ልጅ የወር አበባ በሽታም ነውርም እንዳልሆነ፣ የተፈጥሮ ሥርዓት እንደሆነ ይነገራት። ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ይዘጋጅላት፤ ጨርቁ በሳሙናና በንጹሕ ውሃ ታጥቦ ፀሐይ ላይ መድረቅ እንዳለበት ታስተውል። ብዙ እናቶች ከኀፍረት የተነሣ ጨርቁን ጨለማ ውስጥ ያደርቁታል፤ በደንብ ያልደረቀ ጨርቅ ግን ለሕመም ያጋልጣል። ለወንድ ልጅም ድምፁ መጎርነኑ፣ በእንቅልፍ ዘር መፍሰሱ የዕድገት ምልክት እንጂ ሌላ እንዳልሆነ ይነገረው። ከሁሉ በላይ የሴት ልጅ እምቢታ መከበር እንዳለበት ከአባቱ አፍ ይስማ።

ከፍ ሲሉ ደግሞ እርግዝና እንዴት እንደሚያዝ፣ ጨብጥ፣ ቂጥኝና ኤች አይ ቪ እንዴት እንደሚተላለፉ፣ መታቀብ ዋነኛው ጥበቃ እንደሆነ፣ ኮንዶምም ምን እንደሚጠቅም ሊያውቁ ይገባል። ባለ ትዳር የሆነች ወጣት በየሦስት ወሩ የሚሰጠውን መርፌ፣ በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረውን ወይም እንክብሉን ከጤና ኬላና ከጤና ጣቢያ ያለ ክፍያ ልታገኝ እንደምትችል ማወቅ መብቷ ነው። የማኅፀን በር ካንሰርን የሚከላከለው ክትባት በ2011 ዓ.ም. 14 ዓመት ለሆናቸው ልጃገረዶች መሰጠት መጀመሩም ለወላጆች ይነገር። ክትባቱ «መካን ያደርጋል» የሚለው ወሬ መሠረት የለውም።

ጥያቄ ሲመጣ አመላለሱ ወሳኝ ነው። አንዲት የ12 ዓመት ልጅ «እማዬ፣ ልጅ እንዴት ነው የሚመጣው?» ብላ ብትጠይቅ፣ «ዝም በይ ባለጌ!» የተባለች እንደሆነ ሁለተኛ አትጠይቅም፤ ችግር ቢደርስባትም ወደ እናቷ አትመጣም። «ጥሩ ጠየቅሽ፤ ማታ ቁጭ ብለን እነግርሻለሁ» የተባለችው ግን ትመለሳለች። ወላጅ የማያውቀው ነገር ሲገጥመው «የጤና ባለሙያዋን አብረን እንጠይቃት» ቢል አያንስም።

ሕጉ ምን ይላል?

መሪ የሆነ ሰው ሕጉን ሳያውቅ ሊመክር አይችልም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ለወንድም ለሴትም የጋብቻ ዕድሜን 18 ዓመት አድርጓል። የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግም በዚሁ ይስማማል። ከዚያ በፊት የነበረው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት ልጅ 15 ዓመትን ይፈቅድ ነበር፤ ሽማግሌዎች አንዳንድ ጊዜ የሚጠቅሱት እርሱን ነው።

በ1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ደግሞ ለአካለ መጠን ካልደረሰች ልጅ ጋር ጋብቻ የፈጸመ ሰው፣ ልጅቱ 13 ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ከሆነች እስከ ሦስት ዓመት፣ ከ13 ዓመት በታች ከሆነች እስከ ሰባት ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት እንዲቀጣ ይደነግጋል። ጠለፋ ከሦስት እስከ ዐሥር ዓመት ጽኑ እሥራት ያስቀጣል። ቀድሞ ጠላፊው ልጅቱን ካገባት ከቅጣት ይድን ነበር። ይህ ማምለጫ በአዲሱ ሕግ ተዘግቷል። ስለዚህ ጠለፋን በካሣና በእርቅ ለመጨረስ የሚቀመጥ ሽማግሌ ወንጀልን መሸፈኑን ይወቅ።

ልጅ ተደፍራ እንደሆነ ሰዓት አይባክን። በ72 ሰዓት ውስጥ ጤና ተቋም ከደረሰች ኤች አይ ቪን የሚከላከል መድኃኒት ይሰጣታል። እርግዝናን የሚከላከለው መድኃኒት እስከ አምስት ቀን ድረስ ይሠራል፤ ቶሎ ሲወሰድ ግን ይበልጥ ይረዳል። ከመደፈር የመጣ እርግዝና፣ እንዲሁም ልጅ ለማሳደግ ዝግጁ ያልሆነች ለአካለ መጠን ያልደረሰች ልጅ እርግዝና በጤና ተቋም እንዲቋረጥ የወንጀል ሕጉ የሚፈቅድበት ሁኔታ አለ። ይህን ባለማወቅ በየጓዳው ሥርና ቅጠል የሚጠጡ፣ ባዕድ ነገር ወደ ማኅፀናቸው የሚያስገቡ ልጆች ለሞት ይዳረጋሉ። ልጅቱ የምትነግረው ወላጅ ካላት ግን ሰዓቱ ሳያልፍ ትደርሳለች።

የማኅበሩ መሪ ሥራ

የቀበሌ ገበሬ ማኅበር መሪ ስለ ወር አበባ ራሱ ቆሞ ያስተምር የሚል የለም። የእርሱ ሥራ ሰዎቹን ማገናኘትና ቦታውን ማመቻቸት ነው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሴት ባለሙያዎች እንዲመደቡ ያደረገ ሲሆን፣ ከ16ቱ የመጀመሪያ የትምህርት ክፍሎቹ አንዱ የወጣቶች ሥነ ተዋልዶ ጤና ነው። ባለሙያዎቹ የማኅበሩን በር እስኪያንኳኩ ከመጠበቅ መሪው ቢጠራቸው ሥራው ይፋጠናል።

በተግባር ሊጀመር የሚቻለው እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ ከማኅበሩ መሪ፣ ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ፣ ከመምህር፣ ከቄሱ ወይም ከሼኹ፣ እንዲሁም በአካባቢው ከሚከበሩ ሁለት እናቶች አንድ አነስተኛ ኮሚቴ ይቋቋም። የንስሐ አባት «ይህ ነውር አይደለም» ያለውን ነገር ለመናገር የሚፈራ ወላጅ ጥቂት ነው።

ሁለተኛ፣ ውይይቱ በአንድ ጊዜ ሁሉንም በማደባለቅ አይጀመር። መጀመሪያ እናቶች ለብቻ፣ አባቶች ለብቻ፣ ልጃገረዶች ለብቻ፣ ወንዶች ልጆችም ለብቻ ይነጋገሩ። አንደበታቸው ከተፈታ በኋላ ወላጅና ልጅ በአንድነት ይቀመጡ። ከሠርጉ ወራት ከጥርና ከየካቲት አስቀድሞ ቢሆን ደግሞ ይበልጥ ይጠቅማል፤ ድግስ ከተጠመቀ በኋላ የሚሰጥ ምክር ሰሚ የለውምና።

ሦስተኛ፣ የሚያፍሩ ልጆች ጥያቄያቸውን ስም ሳይጽፉ በወረቀት ላይ አስፍረው በሣጥን ውስጥ እንዲያስገቡ ይደረግ። ማንበብ የማይችሉት በሴት ቡድን መሪዎች አማካይነት ይጠይቁ። ወላጆች ጥያቄዎቹ ሲነበቡ ሲሰሙ ልጆቻቸው ምን ያህል እንደሚያስቡና ምን ያህል እንደተሳሳቱ ይረዳሉ።

አራተኛ፣ የእድርና የሰንበቴ ስብሰባ ለዚህ ጉዳይ በወር አንድ ጊዜ ሩብ ሰዓት ይስጥ። አዲስ ስብሰባ መጥራት ገበሬውን ከሥራው ያስተጓጉላል፤ በተሰበሰበበት መናገር ግን ወጪ የለውም።

አምስተኛ፣ ማኅበሩ በአካባቢው ባለው ትምህርት ቤት ለሴቶች የተለየ፣ በር ያለው፣ ውሃም የሚቀርብበት መጸዳጃ ቤት መኖሩን ያረጋግጥ። ከሌለ ሕዝቡ እንጨትና ጉልበት አዋጥቶ ይሥራው። በወር ውስጥ ጥቂት ቀን እየቀረች የምትማር ልጅ ከትምህርቷ ትደክማለች፤ የደከመችውን ደግሞ «ከምትቀመጥ ትዳር» ይላታል የሰው አፍ።

ስድስተኛ፣ ደብተርና እስክሪብቶ መግዛት ያቃታቸው ቤተሰቦች ተለይተው ከማኅበሩ ወይም ከእድሩ ገንዘብ ይረዱ። ከላይ እንደተመለከትነው ይህ ትንሽ ወጪ ብዙ ልጃገረዶችን ከያለ ዕድሜ ጋብቻ አድኗል።

ሰባተኛ፣ ያለ ዕድሜዋ ልትዳር የታጨች ልጅ መኖሯን የሰማ መሪ ልጅቱንና ወላጆቿን በመጀመሪያ በምክር ይቅረብ። ምክሩ ካልተሰማ ለወረዳው የሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤትና ለፖሊስ በጊዜው ያስታውቅ። የተዳሩትም አይረሱ፤ ወደ ትምህርት የሚመለሱበት፣ በጤና ባለሙያ የሚጎበኙበት፣ ምጥ ሲመጣም ሳይዘገዩ ጤና ጣቢያ የሚደርሱበት መንገድ ይዘጋጅላቸው።

እነዚህን ሰባት ነጥቦች በአንድ ዓመት ውስጥ በሙሉ መፈጸም ላይቻል ይችላል። ይሁን እንጂ ከመካከላቸው ገንዘብ የሚጠይቁት ሁለቱ ብቻ ናቸው። የቀሩት የሚጠይቁት የመሪውን ፈቃደኝነትና አንደበት ነው። መሪውም ከሁሉ አስቀድሞ ዛሬ ማታ በገዛ ቤቱ ይጀምር። ለሌላው አባወራ «ልጅህን አነጋግር» ለማለት ድፍረት የሚያገኘው የራሱን ልጅ አነጋግሮ ያደረ ሰው ነውና።